በዘጠኝ ቮልት የሚያንጎራጉረው ሳጥን

ወንድሜ ዋርዶዮ፣ በዚህ በጡረታ መሸኛህ ላይ አንተን ከማማቴ በፊት የራሴን ጉድ ላውጣ። ለባለቤቴ የሠራህላት ሳጥን ተቃጠለ ብዬህ ነበር። አልተቃጠለም። እመለስበታለሁ፤ እስከዚያ ሻይህን ጠጣ።

ይህ ሰው ወደ ጥገና ቤታችን የመጣ ቀን ካቻቪቴ እንኳ አልያዘም። ከቆሻሻ ያነሳውን የአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፣ ያንን ኤሌክትሪክ የሚያድል ሳጥን፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የገባው። ሒሳብ ያዣችን ወይዘሮ ላስትሪ «ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«አሁን አሥራ ሁለት ቮልት ነው የሚሰጠው። ማዞሪያ ስገጥምለት የፈለግነውን ይሰጠናል።»

ማዞሪያው የጥርስ ሳሙና ክዳን ነበር። ከምሳ በፊት ጧ! ብሎ ፈነዳ። ዋርዶዮ ጭሱን በእጁ እየበተነ፣ ሁላችሁም የምታውቋትን ቃል ተናገረ፤ «አሁን ገባኝ!»

መች ገባው! እስከ ዛሬ የሳጥኑን ማቀዝቀዣ ማራገቢያ የሚያገናኘው ቮልቱ ከሚስተካከልበት ከዚያው መውጫ ላይ ነው። ቮልቱን ከፍ ሲያደርግ ማራገቢያው እንደ ሞተር ብስክሌት ይጮኻል፤ ዝቅ ሲያደርግ ይቆምና ሳጥኑ የአኩሪ አተር ቴምፔ ይጠብሳል። «ለብቻው አድርገው» ስንለው «ጆሮ ያለው ሰው መለኪያ ምን ያደርግለታል?» ይለናል። ወይዘሮ ላስትሪ ከመስኮቷ ሆና ጩኸቱን ብቻ ሰምታ «ጋሽ ዋርዶዮ፣ አሥራ አምስት ደርሰዋል፣ ይቀንሱ!» ትላለች። የሚያናድደው ልክ መሆኗ ነው።

ባለቤቴ ሙርቲያህ ታማ ስትተኛ፣ ቁርኣን የምትሰማበት ሬዲዮ ዘጠኝ ቮልት ይፈልግ ነበር። ሳልጠይቅህ ያው የሳሙና ክዳን ያለበት ሳጥን ሠርተህ አመጣህ። እኔ «ቤቴን ሊያቃጥል ነው» ብዬ አጉረመረምኩ። እሷ ግን ማራገቢያውን አዳምጣ «ተወው፣ ሰው አብሮን የተቀመጠ ይመስላል» አለች።

አላህ ወሰዳት። ሬዲዮውን ለመስጊድ ሰጠሁ። ሳጥኑን ግን አልቻልኩም። ምንም ሳይሰካበት አልጋዋ አጠገብ በዘጠኝ ቮልት ሲያንጎራጉር ኖረ። «ሳጥኑስ?» ስትለኝ ይህን መናገር አፈርኩና ተቃጠለ አልኩህ። አንገትህን ደፋህ። እዚህ ያሉት ሁሉ «የዋርዶዮ ሥራ!» ብለው ሲስቁብህ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስትጸልይም ስትሠራም ያልዋሸኸኝን ሰው በሙያው አሳማሁት። ይቅር በለኝ። ስለ እሷም አመሰግንሃለሁ።

በሉ፣ ብርጭቆአችሁን አንሱ! ለዋርዶዮ ዕድሜና ጤና፤ ለሚስቱ ደግሞ ትዕግሥት፣ ከነገ ጀምሮ የሚፈነዳው እሷ ቤት ነውና።

ሳጥንህ ይኸው፣ ፊትህ ነው፤ አንድ ቀንም አልከዳኝም። ዛሬ ከንጋት ሶላት በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ያቺን የሳሙና ክዳን ማራገቢያው ዝም እስኪል ቀስ ብዬ ወደ ኋላ አዞርኳት፤ ከዚያ ነቀልኩት።