የሰባት ቁጥር ዝምታ

የዓይን ሕክምናው ተራ ጠሪ ከዝርዝሩ ላይ አንድ ቁጥር ሊሰርዝ ቀዩን እስክሪብቶ እንዳነሳ የእህቱ ልጅ በመስኮቱ ብቅ አለች። መነጽር ልታሠራ ነው የመጣችው። ሥራዋ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የአነጋገር ትምህርት መስጠት ነው። አጎቷን ባልደረቦቹ ከኋላው «ጋሽ ጉምጉም» እንደሚሉት እሷ ታውቃለች፤ እሱ ብቻ ነው የማያውቀው።

«ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ አመድ መሰለ?»

ተራ ጠሪው በአገጩ ወደ መጨረሻው አግዳሚ ጠቆማት። አንዲት ሴት ሁለቱንም ዓይኖቿን በነጭ ጨርቅ ታስራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። መምጣት ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ከማንም አታወራም፤ አዳራሹ ሲዘጋ ግድግዳውን እየዳበሰች ትወጣለች። የቀዶ ሕክምና ተራ የያዘው ቁጥር ሰባት ደግሞ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠርቶ አልቀረበም። ደንቡ ሦስት ነው፤ ይሰረዛል። ለቀዶ ሕክምናው ከሌላ ቦታ የመጣው ሐኪምም ነገ ይሄዳል።

«እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው» አላት ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ። «ሰባትን በጠራሁ ቁጥር ያቺ ሴት ቀና ትልና መልሳ አንገቷን ትደፋለች። የሰባት ቁጥሩ ሰው ሞቶ ተራውን የምትጠብቅለት ጥላው እሷ ብትሆንስ?»

ልጅቱ አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ ጆሮው ላይ ያዘችለት። የሰው ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ ከመሬት በታች የሚመጣ፣ አፉ አፈር የሞላበት የሚመስል ድምፅ «ሰባ…» አለ። የተራ ጠሪው የክንዱ ጠጉር ቆመ።

«ማነው ይሄ?»

«እርስዎ ነዎት። ቅድም ከኋላ ቆሜ ቀረጽኩዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለተማሪዎቼ ላሰማ ነበር።»

ተቀየማት። የእሱ ዘመን ሰዎች ያደጉት ድምፁን የሚያሰማ ባለጌ ነው ተብለው መሆኑን፣ በዚህ ዕድሜው በሕዝብ ፊት እንደማይጮህ፣ ያልሰማም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማንበብ እንደሚችል ነገራት።

«ዓይኗን የታሰረችው ታንብበው?»

ተራ ጠሪው ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«ማን ይጩሁ አለዎት ጋሼ? አገጭዎን ከደረትዎ ያንሱት። አየር ይሳቡና ከሆድዎ ያውጡት። ቃሉ ሳያልቅ አፍዎን አይግጠሙ። እርስዎ የሰባትን ‹ት› ሲውጧት ሰባ ትሆናለች። ዝርዝርዎ ላይ ያለው ሠላሳ ሰው ነው፤ ሰባኛውን ከየት ያምጡት?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እንደነገረችው አገጩን አነሳ፣ አየር ሳበና «ቁጥር ሰባት» አለ። ጩኸት አልነበረም፤ ቃሉ ግን እስከ ጭራው ሙሉ ሆኖ ከወዲያኛው ግድግዳ ደረሰ። ሴትዮዋ ተነሳች።

«አቤት» አለች። «ዘበኛው እስክትጠሪ ጠብቂ ብሎኝ ነው። ደህናው ጆሮዬ ወደ መስኮቱ እንዲሆን ብዬ ዞሬም ብቀመጥ፣ ከስድስት ቀጥሎ የሚጠሩት ሰባን ነው። እዚህ ቤት ሰባት የለም እንዴ እያልኩ ነበር።»

ጥላ ናት ያላትን ሴት ክንዷን ይዞ እስከ ሐኪሙ በር ያደረሳት ራሱ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለመስማት መስኮቱ ላይ መጋፋት ቀርቷል፤ የተጠራ ሁሉ ባለበት ይሰማል፤ የእሱም ጉሮሮ እንደ ድሮው ማታ ማታ አይከረክረውም። ቃልን እስከ መጨረሻው መናገር ከባለጌነት እንደማይቆጠር ለአዳዲሶቹ ሠራተኞች የሚመክረው እሱ ሆኗል።

ጠዋት ጠዋት ቤቱ ሆኖ ሲለማመድ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል፤ ከአንድ ጀምሮ ጥርት አድርጎ ይቆጥራል። ሰባት ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ሴትዮዋ በተነሳችበት ዕለት አሮጌዎቹን ዝርዝሮች አገላብጦ ነበርና፣ በሰባተኛው ረድፍ ላይ በራሱ እጅ የተሰመሩ አሥራ አንድ ቀይ መስመሮች አግኝቷል፤ ተጠርተው ያልቀረቡ የተባሉ አሥራ አንድ ሰዎች። ከባዶው ክፍል «አቤት» የሚል ካለ ብሎ፣ ትንሽ ይጠብቃል።