ከትራክተሯ ሆድ ሥር

ታሞ የተኛ የልጅነት ባልንጀራዬን ልጠይቅ በእርሻው መሀል ሳቋርጥ፣ ታላቅ ወንድሙን ከትንሿ ትራክተራቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሽማግሌው በጨዋታ የሚስተካከላቸው የለም፤ ያን ዕለት ግን ሰላምታዬን እንኳ በወጉ አልመለሱልኝም። ከትራክተሯ ሥር ጥቁር ዘይት አፈሩን አርሶታል። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ብየዳ የተማረችው የባልንጀራዬ ልጅ በጀርባዋ ተንጋላ ከሥር ትመለከታለች።

«ምን ተገኘ?» አልኳት።

«ጉቶ ነው ጋሼ። የዘይት መያዣዋን ከታች ቀዶታል። ዘይቱ ፈስሶ አለቀና ሞተሩ ደርቆ ተጣበቀ። የዘይት ማስጠንቀቂያ መብራቱ ሲበራ አጎቴ አላቆሙም።»

«የጠዋት ፀሐይ ዓይኔን ወግቶኝ መብራቱን አላየሁትማ!» አሉ ሽማግሌው።

ይህች ትራክተር የሁለት ቤት ጉሮሮ ናት። ወንድማማቾቹ ያላቸውን አሟጠው በጋራ ገዟት፤ ታናሹ አልጋ ከያዘ ወዲህ ታላቁ ብቻ ያርሱባታል። ያን ጠዋትም «ዛሬ አርሼ ዘርቼ እገባለሁ» ብለው ለበሽተኛው ቃል ሰጥተው ነው የወጡት። አሁን ደመናው ከብዷል። ይህ መሬት ዋናው ዝናብ ከገባበት ረግረግ ይሆናል፤ ሳይዘራ ከዋለ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። ስፋቱም በመቆፈሪያ የሚገፋ አይደለም።

ልጅቱ ተነሥታ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «አምና ነግሬዎት ነበር አጎቴ። ለመመረቂያዬ የሠራሁትን የላሜራ መከላከያ አምጥቼ፣ ከሥሯ በብሎን እንሰረው ብዬ ለምኜዎት ነበር። እርስዎ የዶሮ ቤት በር አደረጉት።»

«ምን ላድርግ ልጄ? ቢያስፈልግ ኖሮ ፋብሪካው ራሱ አያደርገውም ነበር? ደግሞስ ሆዷ ከተሸፈነ ሙቀቱ በየት ይወጣል? ሣርና ጭቃ ተጠቅጥቆባት ልትነድ ነው።»

«ፋብሪካው የሠራት ለተስተካከለ መስክ ነው፤ ጉቶ ለሞላበት እርሻ አይደለም። ላሜራው ከሞተሩ ራቅ ብሎ ነው የሚታሰረው፣ አየር ያልፋል። ቀዳዳ አለው፤ ጭቃው ይወርዳል፣ ዘይት ቢያንጠባጥብም ይታያል። ሲቆሽሽ ፈትቶ መጥረግ ነው።»

«ዛፎቹን የተከልኩትም የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ጉቶ የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አሳይሻለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን በላዩ ስመላለስ አንድ ቀን ነክቶኝ ያውቃል?»

«መሬቱ ደረቅ ሳለ አልነካዎትም። ትናንት ግን አካፍቶ ነበር። ጎማው ሲሰምጥ ሆዷም አብሮ ዝቅ ይላል። ጉቶው እዚያው ነው አጎቴ፤ የወረደችው እሷ ናት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ሰደው ጎማው የሰመጠበትን ጭቃ ነኩ። ሰው በሚያውቀው ነገር መተማመኑ አይከፋም፤ የሚከፋው መሬቱ መለወጡን እየነገሩት አልሰማም ማለቱ ነው። እኔም አስተማሪ ነኝና ይህንኑ ልሰብክ ዳድቶኝ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

«አይጠገንም?» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ።

«ይጠገናል። ዕቃው ግን ዝናቡ ሳያበቃ አይደርስልንም።»

«ጎረቤቶችስ?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

«ሁሉም በራሱ ዘር ተወጥሯል ጋሼ። ማን የራሱን ትቶ ይመጣል?»

ሽማግሌው ትራክተሯን ተደግፈው ተነሡ። «እሺ፣ ተረታሁ። ጉቶን ከሥሩ መንቀል፣ እምቢ ባለው ላይ ምልክት ማቆም፣ ሆዷን በላሜራ መከለል፣ መሬቱ ሲርስ መታገሥ። ላሜራውን ማሰሩ እኮ አንድ ጠዋት አይሞላም ነበር! ላሜራ ቢጣመም ይቃናል፣ ቢቀደድ ይበየዳል፤ ሞተሩ ይተርፋል፣ ዘሩም ቀኑን አያልፍም። ትራክተር ላለው ሁሉ ሥሪለት ልጄ። እምቢ የሚል ካለ ወደ እኔ ላኪው፤ እኔ እነግረዋለሁ።»

«እኛስ?» አለች። ሽማግሌው ቀድመው መንገድ ጀመሩ።

ወደ በሽተኛው ቤት ስንሄድ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። ባልንጀራዬ የቆርቆሮውን ድምፅ እያዳመጠ ጠበቀን። ፊቱ እንዲያ በርቶ ካየሁት ሰንብቻለሁ።

«ሰማችሁት? እንኳን ከተዘራ በኋላ መጣ!» አለና የወንድሙን እጅ ያዘ። «ወንድሜ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አልዘራሁትም» አሉ ሽማግሌው።

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድብ ስለነበር ባልንጀራዬ አልሰማቸውም፤ እጃቸውን እንደጨበጠ ይስቃል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደገና መናገር ግድ ሆነባቸው።