ሁለት ፍየል የታረደበት እርቅ

ከአሰቦት ወደ አሰበ ተፈሪ በሚሄደው ላንድሮቨር ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ የታሪክ መምህርና አንድ ሽማግሌ ያወራሉ።

«በጃንሆይ ጊዜ የእናንተ መንደርና ጎረቤቱ መንደር የተዋጉትን ጽፌ እየጨረስኩ ነው፣ አባቴ። የሃይማኖት ጦርነት ነበር።»

«ያ ረቢ! በምን አወቅህ፣ ጓድ መምህር?»

«እርቁ ላይ ሁለት ፍየል ታርዷል፤ አንዱ ለእስላም፣ አንዱ ለክርስቲያን።»

«ሰርግ ላይስ ሁለት አይደል እንዴ የምናርደው? ድሮም ሥጋችን ለየብቻ ነው።»

«ታዲያ በምን ተጣላችሁ?»

«በኩሬ ውሃ! በሁለቱም ወገን እስላምም ክርስቲያንም ነበረ። እኔ ስቆስል ተሸክሞ ያወጣኝ ክርስቲያን ጎረቤቴ ነው።»

«እንኳን አገኘሁዎት! ጽሑፉን ነገ ለማተሚያ ቤት ልሰጥ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ! የልጅ ልጆቻችን ያንን አንብበው ሊጣሉ ነበር።»

ለልጄ ሰርግ የገዛኋቸው ሁለት ፍየሎች ከጣሪያው ላይ ሲጮሁ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ፈገግ አልኩ።