ባዶ መስመር እንዳትተዉ

— ሄሎ… አቤት። … ማን ልበል? … እህ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ። ድምፅህ ተቀይሮብኝ ነው። ተማሪዬ በነበርክ ጊዜ እንዲህ አይጎረንንም ነበር፤ ወንበሩ ነው መሰለኝ።

— ሥልጠና ላይ ነኝ። ሃያ ሁለት ሰው ፊቴ ተቀምጧል። ነርሶች፣ ፖሊሶች፣ የሴቶች መጠለያ ኃላፊዋ፣ ሁለት የሠፈር ሽማግሌዎች… አዎ፣ ያው አንተ ባለፈው ወር የወሰድከው ነው። በቤታቸው የተደበደቡ ሴቶች ሲመጡ እንዴት እንደምንቀበላቸው። … ሰርተፊኬቱን ፍሬም አስገብተህ ሰቀልከው? … ጥሩ ነው። እንግዲህ አቧራ አይነካውም።

— ማን ናት ያስቸገረችህ? … የጽዳት ሠራተኛዋ። … ቀስ ብለህ ንገረኝ። የቁስል ማሰሪያ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፋ አልከፍትም አለች። … ቁልፉስ? … ሽርጧ ኪስ ውስጥ። … እና እኔ ምን ላድርግልህ? ነርስ ነኝ እንጂ ቁልፍ ሠሪ አይደለሁም።

— እኔን ትሰማለች? ይህን ከየት አመጣኸው? … እናንተ ጋ ስናሠለጥን ሻይ ስታቀርብ አመሰገንኳት፣ እውነት ነው። ከሃያ ሰው ያመሰገንኳት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ትዝ ብሎህ ይሆናል።

— የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍክባት? ካሁኑ? … አንድ ካርቶን ፋሻ ለማዘዝ ሦስት ወር የሚፈጅብህ ሰው። እሺ፣ ደብዳቤው ይቆይ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ናት?

— ታካሚ አብራት አለች። … ምን ሆና መጣች? … ወድቃ። ከየት ወደቀች? … ከደረጃ። ምኗ ላይ ነው የተጎዳችው? … አንገቷ። … የግራ ክንዷ፣ ከውስጥ በኩል። … ደረጃ ጣት የለውም፤ ሰው አንገት ላይ አራት ጣት አያትምም። ይህን ሁለተኛ ዓመት ሳለህ አስተምሬሃለሁ፣ ባለፈው ወር ደግሞ በሥዕል አሳይቼሃለሁ። … ታውቃለህ? ካወቅክ ለምን «ወድቃ» አልከኝ? … ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ። ማን ነው ያለው?

— …

— ድገምልኝ።

— ባልየው። … የት ጋ ነው የተቀመጠው? … አግዳሚውን አውቀዋለሁ፣ ከክፍሉ በር አራት ሜትር ይርቃል፤ በጊዜው ለክቼዋለሁ። ስለዚህ ሴቲቱን እንዲያ ያደረጋት ሰውዬ ከበሩ አራት ሜትር ላይ ተቀምጧል፣ አንተ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋን ልትከስልኝ ደወልክ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

— አልሰደብኩህም። ተረት ነው የተረትኩት፤ ስድቡ ገና ነው። አሁን ቢሮህ ግባና በሩን ዝጋ። … ገባህ? ተዘጋ?

(ወደ ሰልጣኞቹ) — ዕረፍት ውጡ… አይ፣ ተመለሱ። ተቀመጡና ስሙ። የሰው ስም አልጠራም፣ እናንተም አትጠይቁኝ።

— አለሁ፤ ትሰማኛለህ? ሰውየው እንዴት መጣ? ተከትሏት ነው? … አልተከተላትም። … ተደውሎለት። ማን ደወለለት? … የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ። በማን ትእዛዝ? … በቅጹ ትእዛዝ። እናንተ ዘንድ ቅጽ ያዝዛል ማለት ነው። የትኛው ቅጽ? … የኔ ቅጽ፣ በሥልጠናው የሰጠኋችሁ።

— አውጣው። … ግልባጩም ይሆናል። መስመር በመስመር አንብብልኝ፣ ምንም አትዝለል። … ስሟን ዝለለው፣ እዚህ ሰው አለ። … ሁለት። ሦስት። አራት፣ ጉዳቱ የደረሰበት ሰዓት፤ ተሞልቷል። አምስት፣ ጉዳቱን ያደረሰው ሰው፤ «ባለቤቷ»። ስለዚህ ደረጃው አልነበረም፤ በራሳችሁ እጅ ጽፋችሁታል። ስድስት፣ ከዚህ በፊት ደርሶባት ያውቃል ወይ፤ «አዎ፣ ብዙ ጊዜ»። … ሰባት።

— ሰባትን አንብበው እንጂ።

— «የቅርብ ተጠሪ፣ ስምና ስልክ»። … ማንን ጻፋችሁ? … ባሏን። አምስተኛው መስመር ላይ ደብዳቢ፣ ሰባተኛው መስመር ላይ ተጠሪ። በመካከላቸው ሁለት ጣት አይገባም። የጻፈችው አንዲት እጅ፣ የፈረምክበት ደግሞ አንተ፤ ማናችሁም እዚያች ጋ አልተደናቀፋችሁም። ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ የሚባለው በሬ ከናንተ ይሻላል፤ እሱ ገደሉን በእጁ አልጻፈውም።

— ምን ብላ ነበር? … ሴቲቱ «እሱን አትጻፉት» ብላ ነበር። … እና የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ምን መለሰችላት? … «ባዶ መስመር አይቻልም፣ ሲስተር ከልክላለች።»

— አዎ፣ ብያለሁ። «ባዶ መስመር እንዳትተዉ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩም አሥምሬበታለሁ። ባዶ መስመር ያለበት ቅጽ ፍርድ ቤት ቀርቦ የባል ጠበቃ ሲስቅበት አይቼ ነው። … አዎ፣ ሰባተኛውንም ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከሆስፒታል የአልጋ ቅጽ ላይ ነው የገለበጥኩት፣ እንዳለ። … አይ፣ አትደሰት። የኔ ጥፋት ባንተ ላይ ይደመራል እንጂ ካንተ ላይ አይቀነስም።

— ቀጥል። … ስምንት። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ፣ ከዚህ ስትወጣ የምታርፍበት ቦታ። … እህቷ ቤት። አድራሻው ተጽፏል? … ከዳቦ ቤቱ ኋላ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሰማያዊው በር። … የበሩን ቀለም ሳይቀር። እንዴት ያላችሁ ጥንቁቆች ናችሁ። ዋናው ቅጽ የት ነው ያለው?

— ግልባጩን ነው ያወጣሁት አልከኝ እኮ። ዋናው የት ሄደ?

— …እሱ እጅ ምን ሊሠራ ገባ? … ተጠሪው እንዲፈርም። አዎ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ የተጠሪ ፊርማ አለ። ስለዚህ ሴቲቱ ልትደበቅበት ያሰበችውን ቤት፣ ከነዳቦ ቤቱ፣ ከነበሩ ቀለም፣ እስክሪብቶ ጨምራችሁ ሰጣችሁት።

— ምን ይመስላል? … ጨዋ ሰው። … ክራቫት አስሮ። … ተነስቶ ጨበጠህ። ይጨብጥሃል እንጂ፤ እጁን አንገቷ ላይ አይተኸው የለም? ጤነኛ እጅ ነው። … ርዕሰ መምህር ነው? … ልጅህ እሱ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። እህ። ይህን ከመጀመሪያው ብትነግረኝ «ወድቃ» ያልከውን ቶሎ እተረጉመው ነበር።

— ማንን ልትጠራ? … አስታራቂ። … «ባልና ሚስት ናቸው፣ ዛሬ ተጣልተው ነገ ይታረቃሉ» የምትለዋን ትናንት ከእነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከምሳ እስከ ማታ ስንጨቃጨቅባት ዋልን፤ እነሱ እንኳ ትተዋታል። … አንደኛው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። ባንተ ነው የሚነቀንቁት።

— አሁን የምትሠራውን ስማ። አትጻፈው፤ ስትጽፍ የሚሆነውን አይቻለሁ። መጀመሪያ ቅጹን ከሰውየው ትወስዳለህ። … አትቀማውም። «ማኅተም አልተመታበትም፣ ማኅተም የሌለው ፊርማ አይጸናም» ትለዋለህ። ርዕሰ መምህር ነው፤ ማኅተም ከተባለ እናቱንም ቢሆን ያስረክባል። ከዚያ ሰውየውን ቢሮህ ይዘኸው ትገባለህ። ከኮሪደሩ ጫፍ ነው አይደል? ጥሩ። ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ቁልፍ ያዧ ስብሰባ ላይ ናት፣ አሁን ትመጣለች። … እንዴት አይሆንልኝም ትላለህ? አንተ ዘንድ ሰው ለአንድ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣል። ሰው በማስጠበቅ የሚስተካከልህ የለም። ዛሬ ችሎታህ ለአንድ ሰው ይጠቅማል።

— ስልኩን አትዝጋ። እንደተከፈተ ኪስህ ክተተውና ሂድ።

(ወደ ሰልጣኞቹ) — አንቺ፣ የመጠለያዋ ኃላፊ። መኪናሽ ውጭ ናት? … ባዶ አልጋስ አለሽ? … አንድ ይበቃል። ቦርሳሽን ያዢ፣ ግን ገና አትነሺ። … ዝም በሉ፣ እየሰማሁት ነው። «እ… እ…» እያለ ነው። … አሁን «ማኅተም» አለ። ድምፁ ተስተካከለ፤ የሚያውቀው ቋንቋ ላይ ደረሰ።

— … አለሁ። … ሰጠህ? ምንም ሳይል። … አሁን ሰውየው ቢሮህ ተቀምጧል። ሁለተኛውን ገጽ፣ አድራሻው ያለበትን፣ አይቶታል? … አታውቅም። አታውቅም ማለት አይቶታል ማለት ነው፤ የምንነሳው ከዚያ ነው። የእህቷን ስልክ ከቅጹ ላይ ንገረኝ። ቀስ እያልክ። … … ያዝኩት።

(ወደ ሰልጣኞቹ) — እንኪ፣ አንቺ ነርሷ፣ ውጪና ለእህቷ ደውይላት። ቤቷን ቆልፋ፣ ልጆችም ካሉ ይዛ ሰውየው የማያውቀው ቦታ ትሂድ። አታስደንግጪያት፣ ግን ነገሩንም አታለሳልሺባት።

— አንተ፣ አሁን ወደ ክፍሉ በር ሂድ። … አታንኳኳ። ስልኩን በበሩ ሥር አስገባው። … ያልፋል። በዚያ በር ሥር አይጥ ስታልፍ አይቼ ሪፖርት ጽፌልህ ነበር፤ ፋይል ውስጥ አለልህ። ስልኩን ስጥና ወደ እንግዳህ ተመለስ። ስለ ልጅህ ፈተና አጫውተው፣ ጊዜው ይሄድልሃል።

— … ሄሎ? … እኔ ነኝ፣ ሲስተር። … አዎ፣ የሥልጠናዋ። ደህና ነሽ? … አይ፣ «ክፈቺ» ልልሽ አይደለም። እንዳትከፍቺ። … ደብዳቤውን እርሺው፣ እሱን ለኔ ተዪው። ቆልፊ ያለሽ ማን ነው? … ማንም። … የሰውየውን ድምፅ ከኮሪደር ስትሰማ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ፣ አንቺም ቆለፍሽ።

— በቃ? … በቃ። እኔ ይህችን ለማስተማር ሦስት ቀንና ስልሳ ሁለት ገጽ ይፈጅብኛል፤ ያስተማርኳቸውም ይኸው ውጭ ማኅተም ይፈልጋሉ። አንቺ ሥልጠናው ውስጥ ልግባ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር አይደል? … ከዝርዝሩ የሰረዘሽ ኃላፊው አይደለም። እኔ ነኝ። «ለባለሙያ ብቻ ነው» ብዬ።

— ተዪው፣ ስለ እሱ ሌላ ቀን ትወቅሺኛለሽ። አሁን እያየሽ መልሺልኝ። ስትውጥ ያማታል? … ድምፅዋስ? … ሻከር ብሏል። ዓይኗ ውስጥ ቀይ ነጠብጣብ አለ? … ግራው ላይ። የታነቀ ሰው መጀመሪያ ደህና ይመስላል፣ ቆይቶ ነው የሚብስበት። መጠለያ ከመድረሷ በፊት ሌላ ቦታ ሐኪም ያያታል። እኔ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደርሼ ከኋላ፣ በልብስ ማጠቢያው በኩል… ምን አልሽ?

— ልክ ነሽ። መጀመሪያ እሷን ጠይቂያት። እጠብቃለሁ።

— …

— ምን አለች? … እንዳለችው ንገሪኝ፣ አታሳምሪው።

— «ባዶ መስመር አይቻልም ያለችው ሴት ናት ወይ የምትመጣው?»

— አዎ በያት። እሷው ናት በያት።

— … ገባኝ። … አይ፣ አትለምኛት። አትምጣ ካለች አልመጣም። … ይቅርታዬንም አትንገሪያት። እሱን ብትሰማ የሚቀልለው ለኔ ነው፣ እሷ ደግሞ አሁን እኔን የምታቀልልበት ጊዜ የላትም። ማን ይምጣ ትላለች? … ማንም ይሁን፣ አንቺ አብረሻት ከሄድሽ። … ትሄጃለሽ? … ሥራሽን ተዪው። ኃላፊሽ ዛሬ መጥረጊያ የት እንደሚቀመጥ ይማር።

— እንግዲያው የመጠለያው ኃላፊ ትመጣለች። አጭር ናት፣ መነጽር አድርጋለች፣ ንግግር አታበዛም። በልብስ ማጠቢያው በር ነው የምትገባው። በሩ ጋ ስትደርስ ሦስት ጊዜ ታንኳኳና… ቆይ። እንደገና እኔ ወሰንኩ። ምልክቱን ራሷ ትምረጥ። አንዲት ቃል ትስጠን፤ ያቺን ቃል ያላለ ሰው፣ እኔም ብሆን፣ ኃላፊውም ቢሆን፣ ፖሊስም ቢሆን፣ አይከፈትለትም።

— … … እሺ። … ያቺን ቃል ብቻ? … ሰምቻለሁ፣ አትድገሚያት። ፖሊስ ትፈልግ እንደሆነም ሐኪሙ ካያት በኋላ ትጠየቃለች፤ አሁን አይደለም።

(ወደ ሰልጣኞቹ) — ነይ፣ የመጠለያዋ። ቀረብ በይ፣ በጆሮሽ ነው የምነግርሽ። … … ያዝሽው? ሂጂ። … እናንተ ምን ትጽፋላችሁ? እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ሁላችሁም።

— ሄሎ… አለሽ? … ወጥታለች፣ ወደ መኪናዋ እየሮጠች ነው። … ሐኪም ጋ ወስዳ ወደ መጠለያው የምታደርሳችሁ እሷ ናት። … አይ፣ ከዚህ በኋላ እኔ የምላችሁ ነገር የለም። እሷ የምትለው ካለ ግን እሰማለሁ። … … እሺ። ልክ ናት፣ ባትሪው ያልቃል። ዝጉት።