ሸሚዜና የአማቴ በርበሬ

አማቴን ላስደስት ብዬ የሆንኩትን ልንገራችሁ። ከእንሴኖ ያስመጡትን የዓመት በርበሬ ቡታጅራ እኛ ግቢ አስጥተው ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ፣ «ልጄ፣ ሰማዩን እያየህ» አሉኝ። ደመናው ሲጠቁር ሮጥኩ። ገመዱ ላይ የነበረውን ልብስ፣ ካልሲ ሳይቀር፣ ሰብስቤ ታቅፌ በረንዳው ላይ ኮራ ብዬ ቆምኩ። እሳቸው እያለከለኩ ሲደርሱ በርበሬው ዝናብ ላይ ነው። ተጋግዘን አስገባነው።

«አስተማሪ ነህ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ከልብስና ከበርበሬ ውሃ የለመደው የትኛው ነው?»

«ልብስ» ብዬ አቀረቀርኩ።

እሳቸውም ካመጣሁት ልብስ መሀል ነጩን ሸሚዜን መዘው በርበሬውን አንድ በአንድ ይጠርጉበት ጀመር። ሸሚዙን ትክ ብዬ ሳይ አዩኝና ረጋ ብለው፣ «አይዞህ፣ ይሄ ተመልሶ ይታጠባል» አሉኝ።