ለሰርግ የተነቀለ ድጋፍ

ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ በምንሄድበት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አጠገቧ ለተቀመጡት ሽማግሌ ግንበኛ እንዲህ አለቻቸው።

“ኦቦ ገመዳ፣ ለልጄ ሰርግ የሠሩልን የሙሽሮቹ ቤት የመስኮት ቅስት ወደቀ እኮ።”

“ያ ዋቃ! ኖራው ሳይደርቅ የጣውላ ድጋፉን ነቀላችሁት?”

“ለዳሱ መቀመጫ የሚሆን ጣውላ አነሰን።”

“ከቡራዩ ለቅሶ እስክመለስ ብትታገሡኝ ምን ነበር?”

“እንግዳ ቆሞ ይብላ እንዴ?”

“ቆሞ ቢበላ ይሻል ነበር!”

“ይሻል ነበር። አሁን መስኮቱን በጭቃ ደፈንነው። ልጄ በጠራራ ፀሐይ ኩራዝ አብርታ ትፈትላለች። እባክዎ ይምጡና ቅስቱን መልሰው ይሥሩልኝ።”

“ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ። አንዱ ጡብ ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ያ መስኮት የመጨረሻዬ ነበር።”

እኔም ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ፣ እስክንደርስ ድረስ በመንገዱ ዳር ያሉትን ቤቶች መስኮት ሳይ ሄድኩ።