ኮፍያው ያልወደቀ

ከቡራዩ ወደ መርካቶ በምትወርድ ታክሲ ውስጥ ነን። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለቱ ሴቶች ማታ ማታ ሰፈራቸው ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ነጋዴ ቤት ተከታታይ ፊልም እያዩ የሚያመሹ ጎረቤታሞች ናቸው።

«አክተሩ ትናንት ተመለሰ አይደል?» አለች ደሚቱ።

«ተመለሰ» አለች አስካለ ቀስ ብላ።

«ባለፈው ሳምንት ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ያለቀስሽው አንቺ አልነበርሽም?»

«ጨረቃ ላይ መንኮራኩሩ ሲጋይበት እያየሁ ምን ላድርግ? ቤቱ ሁሉ አልቅሷል።»

«እኔ አላለቀስኩም። አክተር አይሞትም ብያችኋለሁ።»

«ሲኒማ የወሰድሽኝ ቀንስ? የካውቦዩ አክተር ተመትቶ ከፈረሱ አልወደቀም?»

«ወደቀ፤ ኮፍያው ግን ከራሱ አልወረደም። ሽፍቶቹን አላየሻቸውም? መጀመሪያ ኮፍያቸው ይወድቃል፣ ከዚያ ወዲያ አይነሱም። እሱ ግን ተነስቶ አንድ ሳያስቀር ጨረሳቸው።»

«የጨረቃውስ ሰውዬ?»

«ያ ሁሉ እሳት ሲነድ የብረት ቆቡ ከራሱ ላይ ንቅንቅ ብሏል? ከእንግዲህ እኔን ሳትጠይቂ ለማንም እንዳታለቅሺ።»

«ቶሌ» አለች አስካለ። «እሺ፣ አሸነፍሽኝ።»

ደሚቱ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

ታክሲዋ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ስታንገጫግጨን፣ ኮፍያዬን በሁለት እጄ ያዝኩ።